ተናገሪ ሳይሉኝ የሄዱት ድሬሰር

ጋሽ ይርዳው ማረፋቸውን የነገረችኝ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ያገኘኋት የደብረ ታቦር ሴት ናት። ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር። «እኚያ ጥርስ የሚነቅሉት ሽማግሌ፣ ድሬሰሩ፣ ትናንት ተቀበሩ እኮ» አለችኝ፣ እንደ ተራ ወሬ። የያዝሁትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥሁና ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ምላሴን ወደ ታችኛው ግራ መንጋጋዬ ጥግ ሰደድሁ። እዚያ ጥርስ የለም። ድድ የሸፈነው ጎድጎድ ያለ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ጥርሱን ያወጡትም፣ ቦታውን እንዲህ ለስላሳ አድርገው የመለሱትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜዬ ስድሳን አልፎ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ዛሬም ስደነግጥ ምላሴ የምትሸሸው ወደዚያ ነው።

ጋሽ ይርዳው ዶክተር አልነበሩም። «ዶክተር» ብሎ የጠራቸውን ሁሉ «ድሬሰር ነኝ» እያሉ ያርሙ ነበር። በወጣትነታቸው ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም ጋር ብዙ ዓመት ሠርተው ጥርስ መንቀልን፣ ድድ መሰንጠቅንና መስፋትን ተምረዋል። በደርግ ጊዜ እኔ አስተማሪ ሆኜ ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር ስመደብ፣ ከተማው ውስጥ ስለ ጥርስ የሚያውቅ ከሳቸው በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ከጉና ተራራ በበቅሎ የመጣው ገበሬ፣ ከጋፋት በእግሩ የመጣው ቄስ፣ የገበያው ሙስሊም ነጋዴ፣ ሁሉም ጉንጩን በጨርቅ አስሮ ክፍላቸው ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ደረጃ የለ፣ ማዕረግ የለ። ጥርሱን የታመመ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ነው ያለው።

ረጅም ነበሩ፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ። ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል፣ ያውም ያው ሁለተኛው ቁልፍ። እጃቸው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ጥርስ ሲነቅሉ ቃል አይወጣቸውም። ጨርሰው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን፣ አቤት የሳቸው ንግግር! «መንቀሉ የእኔ ሥራ ነበር፣ አለቀ። አሁን ያለው የአንተ ሥራ ነው፣ ቁጭ በልና ስማኝ» ይላሉ። የቸኮለ ሰው እንኳ ቢሆን ሳይሰማቸው አይወጣም። በሩ ላይ ቆመው ይዘጉበታላ!

ታዲያ የምክራቸው መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ዛሬን ቆርበህ እንደመጣህ ሁን።»

በአገራችን የቆረበ ሰው እንዴት እንደሚውል ሕፃንም ያውቀዋል። አፉን በነጠላው ይሸፍናል። አይተፋም። አይሮጥም፣ ከባድ ነገር አያነሳም፣ ወሬ አያበዛም፣ ቤቱ ገብቶ አርፎ ይቀመጣል። ጥርሱን የተነቀለ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚፈለግበትም ይኸው ነው። ሌላው ሐኪም «አትትፋ፣ አትጉመጥመጥ፣ አትድከም» እያለ ሲለፈልፍ፣ ገበሬው እሺ እሺ ብሎ ከበሩ እንደወጣ እንትፍ ይላል። ጋሽ ይርዳው «ቆርበህ እንደመጣህ» ካሉት ግን አፉን በጋቢው ሸፍኖ ጉና ድረስ ምራቁን እየዋጠ ይሄዳል። ለሙስሊሞቹ ደግሞ ሌላ አነጋገር ነበራቸው፣ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ወዳጃቸው ጠይቀው ያገኙት። ሰው በሚያውቀው ነገር ነበር የሚያስተምሩት። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ያልተማርሁትን ማስተማር እሳቸው ዘንድ ነው ያየሁት።

አሁን ወደ ራሴ ጥርስ ልምጣ።

የመጨረሻዋ መንጋጋዬ ቦታ አጥታ፣ አጥንት ውስጥ ጎኗን ተኝታ በቀለች። ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔን ሊደፍነው ደረሰ። ያከራዩኝ ሴትዮ፣ እትዬ ጥሩ፣ መጀመሪያ ፌጦ አሉ፣ ቀጥለው ነጭ ሽንኩርት አሉ፣ በመጨረሻ አረቄ በጥጥ ነክረው «ያዢበት» አሉኝ። ያዝሁበት። ሕመሙ እዚያው ቀረ፣ ድዴ ደግሞ በላዩ ተላጠ። ስምንት ሰዓት ላይ አለቀስሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ይርዳው ወንበር ላይ ነበርሁ።

አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አረቄውን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ድድሽ ሰክሯል» አሉና መርፌውን አዘጋጁ።

ድዴን ሰንጥቀው፣ አጥንቱን ትንሽ ነካ አድርገው፣ ጥርሷን ለሁለት ከፍለው አወጧት። ሦስት ስፌት ሰፉ። የተጠቀለለ ፋሻ አስነከሱኝና ወንበራቸውን ወደ እኔ ስበው ተቀመጡ። «አሁን ስሚኝ፣ መምህርት። ጉድጓዱ በራሱ ደም ክዳን ያበጃል። አጥንቱን የሚጠብቀው ያ ክዳን ነው። ከተፋሽ ይነሳል፣ ከመጠጥሽ ይነሳል፣ በምላስሽ ከነካካሽው ይነሳል፣ ትኩስ ከጠጣሽ ይሟሟል። ዛሬ ቆርበሽ እንደመጣሽ ሁኚ። ስትተኚ ራስሽን ከፍ አድርጊ። የቀዘቀዘ አጥሚት ጠጪ፣ የተፈጨ ድንች ብዪ፣ በቀኝሽ አላምጪ። ነገ በዚህ ሰዓት ጨውና ለብ ያለ ውኃ ትጀምሪያለሽ። አትጉመጥመጪ፣ ያዢውና ዘንበል ብለሽ ራሱ ይፍሰስ። መፋቂያሽን ለሌሎቹ ጥርሶች አትተዪ፣ ቁስሉን ብቻ ራቂ። ጥርስ ሲታመም ሌላውን ጥርስ የሚረሳ ሰው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።»

አፌ ፋሻ ይዟል፣ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«መጮኽ የለም» አሉ በመጨረሻ። «አስተማሪ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ። ልጆቹን በእጅሽ አስተምሪ።»

በልጆቹ ላይስ አልጮኽሁም። የጮኽሁት ሌላ ቦታ ነው።

በማግሥቱ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ መፈክር የማሰማው እኔ ነበርሁ። እኔ እጄን አንሥቼ እጮኻለሁ፣ ሕዝቡ ይቀበለኛል። ታምሜያለሁ ብሎ መቅረት በሌላ ጊዜ ቀላል ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ግን ወንድሜ ጎንደር ታስሮ ነበር። ወንድሟ የታሰረባት አስተማሪ መፈክር ሲወጣ ዝም ካለች ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሄድሁ። ሄጄም እንደ ሌላ ጊዜ አልጮኽሁም፣ ከሌላ ጊዜ አብልጬ ጮኽሁ። ፈሪ ሰው ድምፁ ትልቅ ነው። ስጮኽ ጥግ ላይ አንድ ነገር ብጥስ ሲል ተሰማኝ፣ አፌ ውስጥ ደም ደም አለኝ። ዋጥሁትና ቀጠልሁ።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጀመረኝ። ስለ ሕመም ብዙ ማውራት አልወድም፣ ግን ያ ሕመም የሌላ ሰው አይደለም የኔም አይደለም፣ ብቻውን የቆመ ነገር ነበር። ከመንጋጋዬ ተነሥቶ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ ከጆሮዬ ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል። አፌ ይሸተኛል። የቤት ግድግዳ ይዤ እየሄድሁ እሳቸው ዘንድ ደረስሁ።

በመስተዋታቸው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ክዳኑ የለም። አጥንትሽ ባዶውን ቀርቷል። ስፌቱም ተበጥሷል። ምን አደረግሽ? ተፋሽ?»

«አልተፋሁም።»

«አረቄ?»

«ኧረ በእናቴ!»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

አጎንብሼ «መፈክር አሰማሁ» አልሁ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መስኮቱን ሄደው ዘጉት። ተመልሰው ጉድጓዱን በጨው ውኃ አጠቡልኝ፣ በቅርንፉድ ዘይት የተነከረ ቀጭን ፋሻ ሞሉበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሕመሙ ረገበ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ያንን እረፍት ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል። በሁለት በሁለት ቀኑ እየመጣሁ ፋሻው እንዲቀየርልኝ ነገሩኝ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ጻፉ፣ ማኅተም መቱበትና ሰጡኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «መምህርቷ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላት ለአሥራ አምስት ቀን መጮኽ፣ መዘመርና መፈክር ማሰማት ተከልክላለች።»

እኔ ሞኝ ደስ ብሎኝ ወስጄ ለቀበሌው ጸሐፊ ሰጠሁ። ጸሐፊው አንድ ጊዜ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አነበበ። ኪሱ ከተተው። ጠረጴዛው ላይ አለማስቀመጡን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ወሬው ግን ከወረቀቱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ድሬሰሩ ከመፈክር ነፃ የሚያወጣ ወረቀት ይጽፋሉ ተባለ። በዚያ ሳምንት እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት አስተማሪ ጥርሱን እንደታመመ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የስፖርት አስተማሪያችን፣ እንደ በሬ የጠነከረ ሰው፣ ጉንጩን ይዞ ሄደ። ጋሽ ይርዳው ጥርሱን አንድ በአንድ በብረታቸው አንኳኩ። «ይህ አፍ ከእኔ አፍ ይሻላል» ብለው አስነሡት። «አንዱን ይንቀሉልኝ ግድ የለም» ብሎ ለመናቸው። «ጤነኛ ጥርስ አልነቅልም፣ ውሸት ወረቀትም አልጽፍም። የጻፍሁት አንድ ነው፣ እሱም እውነት ነው» ብለው ሸኙት። ይህን እሱ ራሱ ነው የነገረን፣ እየሳቀ። በጋሽ ይርዳው ላይ ምን እየመጣ እንደሆነ ማናችንም አልገባንም ነበር።

የመጣው ካድሬው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ አሉ። የዚያው አገር ልጅ ነው፣ እናቱን ሁላችንም እናውቃቸው ነበር። በወረቀቱ ነገር ጋሽ ይርዳው በስብሰባ ፊት ቆመው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተወሰነ። ከሥራ ይባረራሉ የሚልም ነበር፣ ይታሰራሉ የሚልም ነበር። እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። ለምን እንደተጻፈ ከሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለማ። እኔ ተነሥቼ «ስብሰባ ላይ ጮኼ ቁስሌ ተከፈተ፣ ለዚያ ነው የጻፉልኝ» ካልሁ እውነቱ ይወጣል፣ እሳቸውም ሊተርፉ ይችላሉ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ «መፈክር አቆሰለኝ የምትዪው አንቺ ነሽ?» ተብሎ ወደ እኔ መዞሩ አይቀርም። ወደ ወንድሜም።

ከስብሰባው ቀን በፊት ባለው ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ አዩኝ። ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ድዱ ሮዝ ሆኖ ገጥሟል። «እሰይ!» አሉ፣ ልጃቸው ፈተና ያለፈ ይመስል። «ዛሬ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ከነገ ጀምሮ እንዳሻሽ ጩኺ፣ ከፈለግሽም ዝፈኝ። የማላይሽ እንደሆነም በወር በወር አንድ ቀን በመስተዋት እዪው።» ስለ ስብሰባው አንዲት ቃል አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። ወጥቼ በሩ ላይ ዘወር ስል ጨው በሙቀጫ እየደቆሱ ነበር፣ ለሚቀጥለው ሰው።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ካድሬው ወረቀቱን አንሥቶ አሳየ። «ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ያን ትልቅ ሰው «አንተ» ሲላቸው እንዴት ዝም ይባላል! እሳቸው ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«መፈክር ሰው ያቆስላል ነው የምትለው?»

«ጩኸት ነው ያልሁት። ቀረርቶም ቢሆን፣ ቅዳሴም ቢሆን፣ ልቅሶም ቢሆን ያው ነው። ቁስሉ ምን ተብሎ እንደተጮኸ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን መፈክር ብለህ ጻፍህ?»

«እሷ የጮኸችው እሱን ነው» ቢሉ አለቀልኝ ማለት ነው። ወደ እኔ ዞር አላሉም።

«የሚጮኸውን ሁሉ ልዘረዝር ብዬ ነው» አሉ። «ቀረርቶን ረሳሁት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ። «ደግሞ ሕዝቡን ቁረቡ እያልህ በመንግሥት ክሊኒክ ትሰብካለህ ይባላል።»

«ቁረቡ ብዬ አላውቅም። ቆርባችሁ እንደመጣችሁ ሁኑ ነው የምለው። ጓድ፣ እናትህ ቆርበው ሲመጡ አይተሃል። እንዴት ሆነው እንደሚውሉ ታውቃለህ። በሽተኛዬ እንደሳቸው ከዋለልኝ ደሙ ይቆማል። ሌላ አነጋገር ካለህ ስጠኝ፣ እሱን እላለሁ።»

ሳቁ አሁን አልታፈነም። ይህ ጥሩ አልነበረም። ካድሬው እስኪበርድ ጠበቀና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «መምህርት፣ ተነሺ። ይህን ወረቀት ለምን ጻፈልሽ? አንቺ ጠይቀሽው ነው? ስለ መፈክር የነገረሽ ነገር አለ? ለሕዝቡ ተናገሪ።»

ተነሣሁ። አፌን ከፈትሁ።

ምን ልበላችሁ። ቃሉ ነበረኝ። ቤቴ ውስጥ ደጋግሜ ተለማምጄው ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቸው አክመውኛል እንጂ ሌላ ነገር አልተናገሩም» የምትል አጭር ቃል ናት። የወንድሜ ፊት መጣብኝ፣ እናቴ መጣችብኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

«ተናገሪ እንጂ!» አለ ካድሬው።

ጋሽ ይርዳው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ጓድ፣ እሷ አትናገርም» አሉ። ክፍላቸው ውስጥ በሩ ላይ ቆመው በሽተኛ የሚያዙበት ድምፅ ነበር። «ቁስሏ አልዳነም። አትናገሪ ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁ።»

«እስከ መቼ ነው የማትናገረው?»

«እኔ ተናገሪ እስክላት ድረስ። ካላመናችሁኝ አፏን ከፍቼ ላሳያችሁ፣ መግል መኖሩን ታያላችሁ።»

«አያስፈልግም» አለ ካድሬው ፊቱን አዙሮ። ተቀመጥሁ።

እኚያ ሰው ውሸት ወረቀት አልጽፍም ያሉ ናቸው። የስፖርት አስተማሪውን ያባረሩ ናቸው። ትናንት ከሰዓት እሰይ ያሉኝ ናቸው። ያለቀ የደቀቀ፣ የገጠመ፣ የዳነ ቁስል አልዳነም ብለው በሕዝብ ፊት ዋሹልኝ። እኔም እጄን አፌ ላይ እንዳደረግሁ ስብሰባው አለቀ። እጄን አላነሣሁም።

አላሰሯቸውም፣ አላባረሯቸውም። ከከተማው አንሥተው ጉና ሥር ወዳለች ባለ አንድ ክፍል ክሊኒክ ላኳቸው። በሳምንቱ ዕቃቸውን በሁለት በቅሎ ጭነው ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ጋር ሄዱ። ልሰናበታቸው አልሄድሁም። ከሳቸው ጋር ታየች እንዳልባል ፈርቼ ነው። በትምህርት ቤቱ መስኮት በቅሎዎቹ ሲያልፉ አየሁ። ልጆቹ የማባዣ ሠንጠረዥ እያነበቡ ነበር።

ደብረ ታቦር ያለ ጥርስ ሐኪም ቀረች። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉና ድረስ መውጣት ነበረበት። ብዙ ሰውም ወጣ።

እኔ የወጣሁት ወንድሜ ከተፈታ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አቀበቱን አጋምሼ ስሄድ ከላይ በበቅሎ የሚወርድ ሰው አየሁ። ጋቢውን አፉ ድረስ ተከናንቧል። ቀረብ ሲል ካድሬው ነው! አንዱ ጉንጩ አብጧል። «ጤና ይስጥልኝ» አልሁት። በራሱ ብቻ ሰላም ብሎኝ አለፈ። አልተነፈሰም፣ አልተፋም። እናቱ ቆርበው ሲመጡ ልክ እንደዚያ ነበሩ። መንገዱ ላይ ብቻዬን ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

እትዬ የሺ በሩን ከፍተው «ውይ፣ መምህርት!» ብለው አቀፉኝ። ጋሽ ይርዳው ሸምግለዋል። ጋዋናቸው ያው ነው፣ ሁለተኛው ቁልፍ አሁንም የለም። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ «ነይ፣ ወደ መስኮቱ ዙሪ፣ አፍሽን ክፈቺ» አሉ። አዩ። «ጥሩ ገጥሟል። ጨው ትይዢያለሽ?»

«በየሳምንቱ» አልሁ። «ጋሽ ይርዳው፣ እኔ የመጣሁት… ያን ዕለት እኔ…»

«ቁስል በምላስ አይነካካም ብዬሽ ነበር» አሉኝ፣ እጃቸውን እየታጠቡ። «ተይው። እትዬሽ ድንች ቀቅላለች።»

ስለ ካድሬው ጠየቅኋቸው። «በሽተኛ ነው» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ድንቹን በላን፣ ስለ ገብሱና ስለ ብርዱ አወራን። ስወጣ አንድ እፍኝ የደቀቀ ጨው በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ፣ እኔ ከተማ ጨው እንደማጣ ሁሉ። ስለዚያ ዕለት ሁለተኛ አፌን አልከፈትሁም። እሳቸውም ተናገሪ አላሉኝም።

ከዚያ እኔ ተዛወርሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ መንግሥትም ተለወጠ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ደብረ ታቦር ተመልሰዋል ሲባል ሰማሁ። እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ እያልሁ ዓመቱ አለፈ። ሰው የሚያፍርበት ቤት መንገዱ ይረዝምበታል መሰለኝ።

ከገበያው በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ተነሥቼ ልቅሶ ደረስሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። አንዱ ተነሥቶ «መንጋጋዬ ሊበሰብስ ሲል ያዳኑኝ» ይላል፣ ሌላዋ ተነሥታ «ለልጄ ድድ በየቀኑ ቤቴ ድረስ የመጡልኝ» ትላለች። እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ በጣም አርጅተዋል። ማንነቴን አላወቁም።

ተነሣሁ። አሁንም እጄ ወደ አፌ ሊሄድ ሲል በሌላው እጄ ያዝሁት።

«እኔ በደርግ ጊዜ እዚህ ያስተማርሁ መምህርት ነኝ» አልሁ። «ጋሽ ይርዳው ወደ ጉና የተላኩት በእኔ ምክንያት ነው። ስብሰባ ላይ ስጠየቅ ቁስሏ አልዳነም፣ አትናገርም አሉ። ቁስሌ ድኖ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት አይተው እሰይ ብለውኛል። መናገር እችል ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት። ለኔ ብለው ነው የዋሹት። እሳቸው ውሸት አያውቁም ነበር።»

እትዬ የሺ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ነይ፣ እዚህ ቅረቢኝ።»

ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ጉንጬን ያዙኝ፣ በግራ በኩል።

«እሱ ስለ ጉና ነገር ተጸጽቶ አያውቅም፣ ልጄ። አየሩን ወዶት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስቆጨው። ስምሽ በተነሣ ቁጥር ‹ያቺን ልጅ ተናገሪ ሳልላት መጣሁ፣ ቤቴ ስትመጣም ድንች አብልቼ ሸኘኋት› ይል ነበር። ሰሞኑን እንኳ፣ ከአልጋ ሳይነሣ፣ ‹ከመጣች አንቺ ንገሪልኝ› ብሎኛል።» እጃቸውን ከጉንጬ አነሡ። «ይኸው ነገርሁሽ። ተናገሪ ብሎሻል።»

ያኔ አፌን ከፍቼ «ጋሽ ይርዳው!» ብዬ ጮኽሁ። እስኪሰነጠቅ ድረስ ጮኼ አለቀስሁ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።